ከፍርግርጉ ወዲያ

«ልጅሽን ጋጥ ውስጥ አገኘሁት» አለች አስካለች ለእናቷ በስልክ፣ በሀድይኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ሀቢሶ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኖ የጠዋቱን ዳቦ መደርደሪያ ላይ እያስቀመጠ ነበር። ሱቁንና መኝታውን የሚለየው አንድ አበባማ መጋረጃ ብቻ ስለሆነ፣ እህቱ የቱንም ያህል ብታንሾካሹክ ቃሏ ሁሉ ይሰማል። «ፊቱ ብረት፣ ጎኑ ብረት፣ በሩም ብረት ነው። ሰው ገንዘቡን በቀዳዳ ያቀብለዋል፤ እሱም ዕቃውን በቀዳዳ ያወጣል። ስምንት ዓመት ኖሮ ከተማውን አላየም፣ እማ። ትከሻው እንኳ ከመቀመጥ ብዛት ተጣሟል፤ ግራው ወደ ላይ፣ ቀኙ ወደ ታች። ነገ ከመሄዴ በፊት፣ ዛሬ ማታ ደውዬ የመጨረሻ ቃሌን እነግርሻለሁ። ይምጣ ካልኩሽ ና በዪው። የኔን ባይሰማ ያንቺን ይሰማል።»

ሀቢሶ የያዘውን ዳቦ በእጁ እንዳቀፈ ትንሽ ቆመ። አባታቸው ካረፈ ወዲህ በቤታቸው የመጨረሻው ቃል የእናታቸው ነው። «ና» ካለችው ይሄዳል፤ እናቱን እንቢ ብሎ የሚኖርበት ሀገር የለም። ሱቁን ለአንዱ ሸጦ፣ የጆሃንስበርግን ዳርቻ ኮዝሞ ሲቲን ትቶ፣ ሆሳዕና ይገባል። ከዚያስ? ይህቺ በቆርቆሮና በብሎኬት የተሠራች ሱቅ በሕይወቱ የእኔ ያላት የመጀመሪያ ነገር ናት። ሳሙናው የት እንዳለ በጨለማ ያውቃል። የትኛዋ ሴት ዱቄት በትንሹ፣ የትኛዋ በትልቁ እንደምትገዛ ያውቃል። ይህን ግን ለእህቱ እንዴት ብሎ ይንገራት? ከልጅነቱ ጀምሮ ነገር ሲበዛበት አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው።

አልተቆጣትም። አስካለች ሮም ውስጥ አንዲት አሮጊት ጣሊያን ታስታምማለች። የአውሮፕላኑን ዋጋ ለዓመታት አጠራቅማ፣ ለአንድ ሳምንት ብላ መጥታለች። እሱ ደግሞ ሱቁን መዝጋት ስለማይሆንለት፣ ሳምንቱን ሙሉ ከኋላው በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ አስቀምጧታል። በመጀመሪያው ቀን ስለ ዘመዶቻቸው አወሩ፤ በሁለተኛው ስለ ሞቱት። ከዚያ ወሬው አለቀ። እሷ ወለሉን ደጋግማ ትጠርጋለች፣ እሱ ያልተዛነፈውን ሸቀጥ ያስተካክላል። ዝምታው ሲከብዳት አንድ ወሬ ብቻ ታነሳለች፤ ሮምን በአንድ ቀን በእግሯ እንደዞረቻት። ጠዋት ትልቁን ክብ ፍርስራሽ አየች፤ ከዚያ ሳንቲም የሚጣልበትን ፏፏቴ፤ ከዚያ ወንዙን ተሻግራ የጳጳሱን አደባባይ። ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ነገረችው። በነገረችው ቁጥር ፊቷ ይበራ ነበር።

«ሲፎ! ዳቦና ሁለት እንቁላል» አለ ከመስኮቱ ድምፅ። ማዶ የምትኖረው የሕግ ተማሪ ናት። የዚህ ሀገር ሰው ስሙን መጥራት አቅቶት ሲፎ ብሎ ሰይሞታል። ሀቢሶ ዳቦውን በቀዳዳው አቀበላትና አሥራ ስምንቱን ራንድ ሳይቀበል ጠየቃት፤ ሰው አንድ ቀን ብቻ ካለው፣ ጆሃንስበርግን በእግሩ ለማየት ከየት ይጀምራል? ልጅቷ ሳቀች። «አንተ? ልትወጣ?» አለችው። የእውነቱን መሆኑን ስታይ ግን እንቁላሉን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ በጣቷ አየር ላይ መንገድ ሳለችለት። ከኮንስቲትዩሽን ሂል ጀምር፤ ከዚያ የማንዴላን ድልድይ ተሻገር፤ ኒውታውን፤ ከዚያ ፎርድስበርግ ምሳ ብላ አለችው። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ታውቀዋለህ ብላ እንቁላሏን አንስታ ሄደች።

ሱቅ ዝግ ሆኖ መዋል የለበትም። የእነሱ የሱቅ ሰዎች ልማድ ይህ ነው፤ አንዱ ሲታመም ወይም ሲያገባ ሌላው መጥቶ ይቀመጥለታል። ሀቢሶ ለማርቆስ ደወለ። ማርቆስ የከምባታ ልጅ ነው፤ አብረው ይዘምራሉ። ገና ከመግባቱ ሀቢሶን የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ ሲያየው አፉን ያዘ።

«ሙሽራዋ የት አለች?»

«እህቴን ከተማ ላሳያት ነው።»

«አንተ ነህ የምታሳያት? በሉ እንግዲህ፣ ከተማውን አትጨርሱት፤ ለእኛም ተዉልን!»

ሀቢሶ መጋረጃውን ገለጠ። አስካለች ስልኳን ትራስ ሥር ስትደብቅ ደረሰባት። «እቴቴ፣ ጫማሽን አድርጊ» አላት። «ዛሬ ከተማዬን አሳይሻለሁ።» ከተማዬ የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ እሱንም አስደነገጠው።

ዋናው መንገድ ዳር ቆሞ አመልካች ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። «ለእግዚአብሔር ነው የምታመለክተው?» አለችው። ወደ መሃል ከተማ የሚሄድ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ሌላ ሰፈር የሚሄድ ደግሞ ሌላ ምልክት እንዳለው ነገራት። ነጭ ሚኒባስ ጥግ ያዘ። በጉዞው ሁሉ አስካለች ቦርሳዋን አቅፋ በመስኮት ታያለች፤ እሱ ደግሞ ከአሁን በኋላ የሚሆነውን ያስባል። ጄፒ ወደሚባለው የመሃል ከተማ ገበያ ለዕቃ ሲሄድ ይህን መንገድ ብዙ ጊዜ አልፎበታል፤ ነገር ግን በጭነት መኪና፣ በጆንያ መሃል፣ ቶሎ ደርሶ ቶሎ ለመመለስ። አይቶት አያውቅም። እህቱ የተናገረችው ውሸት አልነበረም፤ የከበደውም ይኸው ነው።

ኮንስቲትዩሽን ሂል ደርሰው ኮረብታው ላይ ወጡ፤ እሱ የመግቢያውን ከፈለ። ከእነሱ ጋር የተወሰኑ የውጭ ሰዎች አሉ፤ አንዲት አስጎብኚ ትመራቸዋለች። የመጀመሪያው በር ብረት ነው። ሁለተኛውም ብረት። ግንቡ ላይ የሾለ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ መስኮቶቹ ጠባብና ፍርግርግ ናቸው። ሀቢሶ ከአስጎብኚዋ ቃል እየለቀመ ሲሄድ ልቡ እየወረደ መጣ። የቦታው ስም የሕገ መንግሥት ኮረብታ ማለት ስለሆነ ፍርድ ቤት የሚያይ መስሎት ነበር። ቀድሞ የገቡት ግን ጥቁሮች ይታጎሩበት ከነበረው አሮጌ እስር ቤት ነው። አስካለች አንዱ ክፍል ደጃፍ ቆማ ፍርግርጉን በጣቷ ነካች። ቀለሙ ሳይቀር የሱቁን ይመስላል።

«አንተ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ከብረት አውጥተህ ወደ ብረት አመጣኸኝ?»

ጆሮው ጋለ። የዛሬው ማታ ስልክ እዚያው ያለቀ መሰለው፤ እማ፣ ያሳየኝ ነገር ሌላ እስር ቤት ነው ስትል ታየው። ፊቱን ለማዞር ያህል ወደ ቀጣዩ ክፍል ገባ። እዚያ ወለሉ ላይ ግራጫ ብርድ ልብሶች ተጣጥፈውና ተጠቅልለው አንድ ላይ ቆመዋል፤ አንዱ ሥራ ቁርጥ ታንክ ይመስላል፣ መንኮራኩሩ ሳይቀር። እስረኞቹ ያላቸው ነገር ብርድ ልብስ ብቻ ስለነበረ፣ በእሱ እንዲህ ያለ ቅርጽ እየሠሩ ይወዳደሩ እንደነበር አስጎብኚዋ ተናገረች። ሀቢሶ ጎንበስ ብሎ ማዕዘኖቹን አየ። ጠርዙ ወደ ውስጥ የገባበትን፣ እጥፉ እንዳይፈታ የተቆለፈበትን። «ጎበዝ» አለ ለራሱ፣ «ከታች ነው የጀመረው።»

«ብርድ ልብስ ማጠፍ ከየት ታውቃለህ?» አለችው አስካለች ከኋላው።

«ኋላ እነግርሻለሁ» አላት።

ቀጥሎ እዚያው ኮረብታ ላይ ወዳለው ፍርድ ቤት ገቡ። ከፍ ያለ የእንጨት በር ነው፤ የሰው መብቶች ተቀርጸውበታል። ማንም ሰው ይገባል። ውስጡ ሰፊ ነው፤ ብርሃን ከላይ ይወርዳል፤ ምሰሶዎቹ እንደ ዛፍ ጋደል ጋደል ብለው ቆመዋል። ሲወጡ ሀቢሶ አንድ የቀይ ጡብ ግድግዳ ላይ እጁን አሳረፈ። የእስር ቤቱ አንድ ወገን ሲፈርስ ጡቡን ሳይጥሉት፣ ለዚህ ፍርድ ቤት ሠርተውበታል። ይህንንም ከአስጎብኚዋ ሰምቶ ለእህቱ በዝግታ ተረጎመላት። አስካለችም እጇን ጡቡ ላይ አደረገች። ወዲያው ጫማዋን ማጠባበቅ ጀመረች። ያኔ ሀቢሶ ቀኑ ገና እንዳላለቀ ገባው።

ድልድዩ ላይ ነፋስ ነበር። ነጫጭ ገመዶቹ ከምሰሶዎቹ ወርደው እንደ በገና ተወጥረዋል፤ ከሥራቸው የባቡር ሐዲዱ ዓይን እስከሚደርስ ድረስ ተዘርግቷል፤ ቢጫ ባቡሮች ቆመዋል፤ ከወዲያ የመሃል ከተማው ፎቅ ሁሉ ተደርድሯል። አስካለች ሳታስበው «ወይ ጉድ!» አለች። ከዚያ ስልኳን አወጣች። ሀቢሶ ጀርባውን ሰጥቷት ሁለት እጁን ኮቱ ኪስ ከቶ ቆመ፤ ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል፣ የሚመጣውን ይመዝናል።

«ወንድሜ ነህ ወይስ ዘበኛዬ? ዞር በል እስቲ፣ ፎቶ ላንሳህ።»

«አንሺና ቶሎ ደብቂው። እዚህ ስልክ እግር አለው።»

ሳቀች። በሳምንቱ ውስጥ የመጀመሪያዋ የጥርስ ሳቅ ይህች ነበረች። ሮም ውስጥም ሌባ ሞልቷል አለችው፤ እዚያ ግን ከሰረቀህ በኋላ ይቅርታ ይጠይቅሃል። ኒውታውን ውስጥ መንገድ ዳር የቆሙትን ከእንጨት የተቀረጹ ራሶች እያዩ ሄዱ። አስካለች ለእያንዳንዱ ራስ ከዘመዶቻቸው መሃል ባለቤት ፈለገችለት፤ ይኼ አጎታችን ነው፣ ያቺ ጎረቤታችን አለምወርቅ ናት፣ አፍንጫዋን እየው። በአውራ ጎዳናው ድልድይ ሥር አልፈው ፎርድስበርግ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ሱቆቹ ጨርቅና ድስት ደጅ ድረስ ዘርግተዋል፤ አንዱ ቤት ደጃፍ ላይ ዘይቱ ይንጫጫል።

«ሳምቡሳ ነው?» አለች አስካለች ቆም ብላ። «እዚህ ድረስ መጣ?»

ከሕንዶቹ እንደሆነ ነገራት። እሷ ከእስላም ቤት ሥጋ እንደማትበላ ያውቃል፤ ስለዚህ ድንች ያለውን አዘዘ፣ አንዱ በአሥር ራንድ። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አስካለች እግሯን ከጫማው አውጥታ በጠረጴዛው ሥር ዘረጋች። ሀቢሶ ወሬ ለመጀመር ያህል፣ ሮም ከዚህ ትበልጣለች ወይ አላት። ትበልጣለች አለችው። እሱም፣ በየሰንበቱ ትዞሪያታለሽ ማለት ነው አላት።

አስካለች የያዘችውን ሳምቡሳ ወደ ሳህኑ መለሰችው። «ያቺ አንዲት ቀን ናት» አለች። «የሴትዮዋ ልጅ ከውጭ መጥታ፣ ዛሬ እኔ እጠብቃታለሁ፣ አንቺ ውጪ አለችኝ። ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ማን ይጠብቅልኝ?» ቀና ብላ አላየችውም። የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በጣቷ ሰበሰበች። ሀቢሶ ያ ወሬ ሲደጋገም የሰለቸበትን ጊዜ ሁሉ አሰበ። ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ ለዓመታት ተቀምጣ፣ ያቺን ቀን እንደ ልብስ እያወጣች የምታያትን እህቱን። የራሱን ሳህን ወደ እሷ ገፋላት። እሷም በላችለት።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ መለሳት፤ ተማሪዋ አንተ ታውቀዋለህ ወዳለችው። በታክሲዎቹ መናኸሪያ በኩል ሲያልፉ መንገዱ ጠበበ። ወያላው ይጮሃል፣ በቆሎ ይጠበሳል፣ ሰው በሰው ላይ ይሄዳል። አስካለች የኮቱን እጅጌ ያዘች። በድንገት አንዲት ድምፅ ያን ሁሉ ጫጫታ ሰነጠቀችው።

«ሲፎ! ሲፎ ዌንጉቦ!»

የብርድ ልብሱ ሲፎ ማለቷ ነው። በቆሎ የምትጠብስ አሮጊት ናት፤ ከመቀመጫዋ ለመነሳት መሬቱን በሁለት እጇ ትገፋለች። ሀቢሶ ሮጦ ደረሰላት። «ሳውቦና፣ ጎጎ» አላት፤ ሰላም፣ አያቴ ማለቱ ነው። ሴትዮዋ ከሰል የነካውን እጇን ሳትጠርግ ሁለት ጉንጮቹን ያዘች፤ ኮቱ ሳይቀር ጠቆረ። ትናገራለች፣ ትስቃለች፣ ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ ትጮሃለች፣ መልሳ ታቅፈዋለች። በዙሪያዋ ያሉት ሻጮች ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዩታል።

«ምን አለች?» አለች አስካለች።

«ምንም። ሰላም አለችኝ።»

«ይህን ሁሉ ተናግራ ሰላም ብቻ?»

ሀቢሶ መሬት መሬት አየ። አሮጊቷ እህቱ መሆኗን ስትሰማ አስካለችን ወደ ራሷ ሳበቻትና ቋንቋ እንደማይገባት ስታይ በእጇ ማስረዳት ጀመረች። ጣቷ ላይ ቀለበት አሳየች፤ ልጇ ስታገባ ነው። በልማዳቸው ለአማቾች ብርድ ልብስ መስጠት አለባት። ከዚያ ጣቶቿን ከላይ ወደ ታች እያርገፈገፈች ዝናብ አዘነበች። ወንዝ የሆነ መንገድ፣ መኪና የማይገባበት ሰፈር አሳየች። ከዚያ የራሷን ግራ ትከሻ ከፍ አድርጋ፣ በላዩ የማይታይ ከባድ ነገር ጭና፣ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠች እንደሚራመድ ሰው ሄደች። ሸክሙን አውርዳ ላዩን ዳበሰችው፤ ደረቅ ነው፣ አንዲት ጠብታ አልነካውም። ተሸካሚውን ግን ከራሱ እስከ እግሩ ጨመቀችው። ጎረቤቶቿ ሳቁ። አሮጊቷም ስቃ፣ ከዚያ ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ሁለት ትኩስ በቆሎ በቅጠሉ ጠቅልላ ለአስካለች ሰጠቻት። ሀቢሶ ሊከፍል ኪሱ ሲገባ እጁን በመቆንጠጫው መታችው።

አስካለች በቆሎውን ይዛ የወንድሟን ግራ ትከሻ አየችው። ትንሽ ከተራመዱ በኋላ እሱ ራሱ ተናገረ። ከመጣ ጀምሮ ሱቅ ነው የምሠራው ብሎ ለቤት የነገረው፣ እማዬ ልቧ እንዳይሰበር ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሎኬሽን ነበር የሚሠራው፤ በጥቁሮቹ ሰፈር ከቤት ወደ ቤት፣ ብርድ ልብስ በትከሻው ተሸክሞ። ዳይፕስሉት፣ አሌክሳንድራ፣ ሶዌቶ። «የመሃሉን ከተማ አላየሁም፣ ልክ ነሽ» አላት። «ዳር ዳሩን ግን በእግሬ ጨርሼዋለሁ።» ከዚህ በላይ አልተናገረም። ለእሱ ግን ብዙ ነበር።

ኢትዮጵያውያን ጄፒ ከሚሉት ሰፈር ሲደርሱ አማርኛው ከፎቆቹ ይፈስ ጀመር። ያረጁ ረጃጅም ሕንጻዎች ናቸው፤ ከምድር እስከ ሰገነት ወለሉ ሁሉ እንደ ቀፎ ተከፋፍሎ ሱቅ ሆኗል። ሀቢሶ ከእነሱ አንዱ ገብቶ ጠባቡን ደረጃ ወጣ። ሚስባህ የሚባለው የስልጤ ነጋዴ ለአዟሪዎች ብርድ ልብስ የሚያከፋፍለው እዚያ ነው፤ ሀቢሶ የመጀመሪያውን ሸክም ያነሳው ከእሱ ዘንድ ነበር። ሚስባህ ገና ሲያየው ከወንበሩ ተነሳ።

«ኧረ ሱቅ በደረቴ! ኮት ለብሰህ መጣህ? ደግሞ ሰው ይዘህ!»

«እህቴ ናት፣ ከሮም።»

«ከሮም! ውይ፣ እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ። ይኼን ልጅ ታውቂዋለሽ? ከኔ ዘንድ ስንት ጎረምሳ ተሸክሞ ወጥቷል፤ ሦስት ከጫንክበት ሰማይ ተደፋብኝ ይላል። ይኼ ስድስት ይጭንና ቀስ ብሎ፣ ቃል ሳይወጣው፣ ሽቅብ ይሄዳል። ዛሬስ ትችላለህ ወይስ ሱቅ አሰነፈህ?»

ሀቢሶ አፈረ። ሚስባህ ግን ስድስቱን ከመደርደሪያው አውርዶ ነበር። ሀቢሶ ኮቱን አውልቆ ለእህቱ ሰጣት። ጎንበስ ብሎ ብርድ ልብሶቹን እያንዳንዳቸውን አጠፈ፤ ከታች ጀምሮ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ፣ ሥዕሉን ወደ ላይ። በአንድ ገመድ አሰራቸው፤ ትንፋሹን ያዘና በግራ ትከሻው አነሳቸው። በሱቆቹ መሃል ባለው ኮሪደር እስከ ጫፉ ሄዶ ተመለሰ። ከየሱቁ ሰዎች ብቅ ብለው አጨበጨቡ። አስካለች ኮቱን ደረቷ ላይ አቅፋ የምታየው ትከሻውን ነበር። ሸክሙ ሲያርፍበት ግራና ቀኙ እኩል ሆነ። ጀርባው እንደ ምሰሶ ቀጥ አለ። ለካ ያ ትከሻ የተጣመመ አይደለም፤ ሸክሙን የሚጠብቅ ነው።

ሀቢሶ ከስድስቱ አንዱን፣ አንበሳ ያለበትን፣ በሦስት መቶ ሃምሳ ራንድ ለእናቱ ገዛ። ሚስባህ ሃምሳውን ተወለት። ወደ ኮዝሞ ሲቲ ሲመለሱ በታክሲው ውስጥ አስካለች ብርድ ልብሱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ራሷን እዚያው ግራ ትከሻ ላይ ጥላ አንቀላፋች።

ሱቁ ሲደርሱ ገና አልመሸም። ማርቆስ ሻንጣውን አንስቶ፣ «ከተማዋን ምን ያህል አስቀራችሁልን?» ብሎ ስቆ ወጣ። ሀቢሶ ወደ ቦታው ገባና መስኮቱን ከፈተ። ልጆች ለስኳር፣ ሴቶች ለሻማ መጡ፤ «ሲፎ፣ የት ጠፋህ?» ይሉታል። ከመጋረጃው ወዲያ አስካለች ስልኳን ስትነካካ ይሰማዋል። ለአንዱ ልጅ የሰፈረውን ስኳር ደፍቶ እንደገና ሰፈረ። የስልኩ ጥሪ ድምፅ ወጣ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ የእናቱ «ሄሎ» ተሰማ።

አስካለች ግን አላንሾካሾከችም። ተነሥታ መጋረጃውን እስከ ዳር ገፋችውና ሱቁ መሃል ቆመች፤ ባዶ እግሯን፣ እግሯ አብጦ።

«እማ፣ ዛሬ ከተማውን አሳየኝ» አለች። «አዎ፣ በእግር። የለም፣ ትከሻው ደህና ነው። ጠዋት ያልኩሽን እርሺው፣ እኔ ነኝ ያላወቅኩት። የለም፣ እማ። አይመጣም።» ዞር ብላ ወንድሟን አየችው። ሀቢሶ ስኳሩን እንደያዘ ቆሟል፤ ልጁ ከመስኮቱ ወዲያ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። «አንቺ ነሽ የምትመጪው። ስትመጪ ጥሩ ጫማ አድርገሽ ነይ፤ ይህ ልጅሽ በቀላሉ አይደክመውም።»